አትጫኑት! ስለ ኦኮኖሚያኪ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ወር፣ ኦሳካ ተማሪ ሳለሁ ስለለመድኩት ኦኮኖሚያኪ ሁለት መስመር ጽፌ ነበር። ጥቅል ጎመን በእንቁላልና በዱቄት ተያይዞ ትኩስ ብረት ላይ የሚጠበስ የጃፓኖች ምግብ ነው። ሰው ፓንኬክ ይለዋል፤ ስኳር ግን የለበትም። «ኦኮኖሚ» እንደወደዱት ማለት ነው፣ «ያኪ» ደግሞ ጥብስ። አሠራሩን ሳልነግራችሁ አልፌ ስለነበር ደብዳቤ በደብዳቤ ሆንኩ። የዛሬው ዓምድ ሙሉውን የእሱ ነው።

«ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። ሦስቱንም ጊዜ ቂጣ ሆነብኝ። ውጩ ደረቀ፣ ውስጡ ሊጥ ቀረ። ሁለት ኩባያ ፉርኖ ዱቄት፣ ሁለት እፍኝ ጎመን፣ ሁለት እንቁላልና ውሃ ነው የተጠቀምኩት። ቶሎ እንዲበስል ብዬ በመገልበጫው ደህና አድርጌ ተጫንኩት። ባለቤቴ ግማሹን ትቶ ተነሳ። ምን አጠፋሁ?»
ሰ.፣ ከአዲስ አበባ፣ ሰሚት

እህቴ፣ ሦስት ጊዜ መሞከርሽ ደስ አለኝ። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ይተወዋል። ችግሩ ከመጠኑና ከእጅሽ ነው። ሁለቱም ይስተካከላሉ።

ኦኮኖሚያኪ ጎመን ጣል የተደረገበት ሊጥ አይደለም። ዋናው ጎመኑ ነው፤ ሊጡ የሚገባው እንዳይበታተን ብቻ ነው። ለአንድ ሰው 150 ግራም ጥቅል ጎመን፣ 50 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር መረቅና ቁንጥር ጨው ያስፈልግሻል። እንቁላሉ የፈረንጅ ከሆነ አንድ፣ የሐበሻ ከሆነ ሁለት። ሚዛን ከሌለሽ ዱቄቱ ከግማሽ ኩባያ ትንሽ ይጎድላል፤ የተከተፈው ጎመን ሁለት ኩባያ ያህል ይሆናል። ሲቀላቀል ስታይው «ይሄ ሁሉ ጎመን በዚህች ሊጥ?» ትያለሽ። አዎ፣ በዚህችው።

ጃፓኖች ለመረቁ «ዳሺ» ይጠቀማሉ። ኮምቡ ከሚባል የባሕር አረምና ካትሱኦቡሺ ከሚባል፣ በጭስ ከደረቀ ዓሣ የሚወጣ ቀጭን መረቅ ነው። ከሌለሽ ቅባቱ የተገፈፈለት የዶሮ መረቅ ይበቃል። ደረቅ እንጉዳይ የተዘፈዘፈበት ውሃም ጥሩ ነው። ባዶ ውሃ ግን አታድርጊበት፤ ያንቺ ጣዕም ያጣው አንድም በዚህ ነው።

ጎመኑን ስትከትፊ መሃሉን ግንዱን አውጪ። ቅጠሉን የአውራ ጣት ጥፍር በሚያህል መጠን ክተፊው። ካላመሽው ውሃ ይተፋል፤ ለአልጫ እንደሚቆረጠው ካገዘፍሽው ደግሞ ሳይበስል ይቀራል። ካጠብሽው በኋላ ማጥለያ ላይ አንድ ሰዓት ይንጠፍጠፍ። ጨው ቀጥታ ጎመኑ ላይ እንዳትነሰንሺ። ጨው ውሃውን ይስበዋል፣ ሊጥሽም ይቀጥናል። ጨዉን ከዱቄቱ ጋር አድርጊው።

ዱቄቱንና መረቁን ቀድመሽ አዋህደሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አስቀምጪ። ጎመኑንና እንቁላሉን የምትጨምሪው መጥበሻው ከጋለ በኋላ ነው። ለአራት ሰው ብትሠሪም በአንድ ሳፋ አታቡኪው። ለየአንዳንዱ በየሳህኑ፣ ልትጠብሺው ስትይ ብቻ ቀላቅይ። በማንኪያ ከሥር ወደ ላይ እያነሳሽ ነው የሚቀላቀለው። እንደ ገንፎ አታማስይው። አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ካነሳሽው ይበቃል። አየር ይግባበት።

ከዚያ ዘይት ያረፈበት መጥበሻ ላይ ገልብጠሽ ክብ አድርጊው። ውፍረቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይሁን። ኦሳካ ላይ በብዛት የሚታዘዘው «ቡታታማ» ነው፤ የአሳማ ሥጋ በስሱ ተቆርጦ ከላይ ይነጠፍበታል። እኔ ሁልጊዜ «ኤቢታማ» ነበር የማዘው፣ በሽሪምፕ ማለት ነው። አንቺ የበሬ ሥጋ እንደ ወረቀት አሳስተሽ ከላይ አንጥፊ። መካከለኛ እሳት ላይ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ሥሩ ሲቀላ በሁለት መገልበጫ ገልብጪ። ክዳን ድፊበትና ሌላ አምስት ደቂቃ ይቆይ። እንደገና ገልብጪና ያለ ክዳን ሦስት ደቂቃ ጨምሪለት።

አሁን ወደ እጅሽ። ኦሳካ፣ ቴንማ ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ስምንት ወንበር ያላት ጠባብ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ለውጭ አገር ተማሪ የሚፈቀደው ሥራ በሳምንት 28 ሰዓት ነው። የኔ 28 ሰዓት በሙሉ ያለቀው እዚያች ምድጃ ፊት ነው። ባለቤቷን ሁላችንም «ኦካሳን» እንላቸው ነበር፣ እናታችን ማለት ነው። በመጀመሪያ ሳምንቴ እንዳንቺው በመገልበጫው ተጫንኩት። ሲንጫጫ በስሎ መሰለኝ። ኦካሳን መገልበጫውን ከእጄ ወሰዱና «አካን!» አሉኝ። የኦሳካ ሰው «አይሆንም» ሲል ነው። ከዚያ እኔ የተጫንኩትንና ራሳቸው የሠሩትን ጎን ለጎን አድርገው ከመሃል ቆረጧቸው። የኔ ድፍን ነው። የሳቸው መሃሉ ክፍት ክፍት ነው፣ በየቀዳዳው እንፋሎት ይወጣል፣ ጎመኑ አንድ በአንድ ይታያል። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሁለቱንም አቀመሱኝና ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ጎመኑ የሚበስለው በራሱ እንፋሎት ነው። ስትጫኚው እንፋሎቱ የሚሄድበትን መንገድ ትደፍኚዋለሽ። ጭማቂው መጥበሻው ላይ ይፈሳል፣ ሊጡ ይጠጥራል፣ መሃሉ ጥሬ ይቀራል። ቶሎ እንዲበስል ብለሽ ያደረግሽው ነገር ነው እንዳይበስል ያደረገው። ስለዚህ አትጫኚው። እጅሽ አላስችል ካለ መገልበጫውን ሌላ ክፍል አስቀምጪው።

ሲወጣ የኦኮኖሚያኪ ሶስ ቀቢበት (አሠራሩን ከታች ለዱባይ በጻፍኩት መልስ ታገኚዋለሽ)፣ ማዮኔዝ በቀጭኑ አዙሪበት። ኦሳካ ላይ እንደ ፒሳ ሦስት ማዕዘን አይቆርጡትም። ቁመቱንና ወርዱን ቆርጠው ትንንሽ አራት ማዕዘን ያደርጉታል። እዚያ ከሩዝ ጋር የሚበላም ሞልቷል።

«ልጄ፣ የልጅ ልጆቼ ከስልክ ላይ አይተውት አፍጥጠው ይዘውኛል። መጥበሻዬ ትንሽ ናት፣ አንድ ብቻ ነው የምታወጣ። የኤሌክትሪክ ምጣዴ ላይ ባደርገውስ? ሰፊ ነው፣ ሦስት አራቱን ባንዴ ይይዝልኛል።»
እማማ ወ.፣ ከደብረ ብርሃን

እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ ስለጻፉልኝ። ምጣድዎን ግን አይንኩት። ሐሳብዎ ትክክል ነው፤ የጃፓኖቹም ማብሰያ «ቴፓን» የሚባል ሰፊ ጠፍጣፋ ብረት ነው። የርስዎ ግን ሸክላ ነው። ሸክላ ዘይትና የሥጋ ጭማቂ ይጠጣል። ስንት ጊዜ በጎመን ዘር ያሟሹት ምጣድ በአንድ ቀን ሽታ ይይዛል። በማግስቱ እንጀራው አልነሳም ይልዎታል። ለልጆች ደስታ ተብሎ እንዲህ ያለ ምጣድ አይበላሽም።

ለመጥበሻው የሚሆን አነስ ያለ አክንባሎ ካለዎት ግን እሱን ለመጥበሻው ይጠቀሙበት። ከጠፍጣፋ ክዳን ይሻላል። ቆብ ስለሆነ እንፋሎቱ ላዩ ላይ ይዞራል፣ ጠብ ጠብ ብሎም ሊጡን አያረጥበውም። አንድ በአንድ ይጥበሱ፣ የበሰለውን ሞቅ ባለ ቦታ ይከድኑ። ልጆቹም ተራ በተራ ቢገለብጡ ጨዋታ ይሆንላቸዋል። ጃፓን ቤተሰብ በኤሌክትሪክ ብረት ዙሪያ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የሚሠራው ለዚሁ ነው፤ ልጆች መገልበጥ ይወዳሉ።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ኦሳካ ባሕር ዳርቻ ናት፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ወደ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ደብረ ብርሃን ከዚያም ትንሽ ዝቅ ይላል። የጎመኑ እንፋሎትም በዚያው ልክ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ስለዚህ እሳቱን ሳያበዙ ከላይ ከጻፍኩት ደቂቃ በየገጹ ሁለት ደቂቃ ይጨምሩ። እሳት ካበዙ ውጩ ያርርና ውስጡ ይቀርብዎታል። ቤኪንግ ፓውደርም የሚያደርጉ ከሆነ ለአንድ ሰው ሩብ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ደጋ ላይ ብዙ ሲሆን ኩፍ ብሎ መልሶ ይተኛል።

«ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። የቤቱ ልጆች ኦኮኖሚያኪ ሥሪልን አሉኝ። እዚህ ቤት የአሳማ ሥጋ አይገባም። የተዘጋጀው ሶስ ውስጥም ምን እንዳለበት ማንበብ አልቻልኩም፣ ጽሑፉ ጃፓንኛ ነው። ሶሱን ራሴ መሥራት እችላለሁ?»
ሐ.፣ ከዱባይ

ትችያለሽ፣ ያውም ዋናው ቅመም ደጃፍሽ ላይ ነው። ጃፓን ውስጥ ታዋቂ የሆነው የኦኮኖሚያኪ ሶስ የሂሮሺማው ኦታፉኩ ነው። ድርጅቱ በ1922 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን ለኦኮኖሚያኪ የሚሆነውን ሶስ ያወጣው በ1952 ነው። ያንን ወፈር ያለ ጣፋጭነት ከሚሰጡት ነገሮች አንዱ ቴምር ነው። ይህን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ። ከቴምር አገር ሆነሽ ሶስ ፍለጋ አትቸገሪ።

አምስት ለስላሳ ቴምር ፍሬውን አውጥተሽ በትንሽ የፈላ ውሃ ዘፍዝፊ። ሲርስ ፍጪውና በወንፊት አሳልፊው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ኬቻፕ፣ ሁለት ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ አንድ ማንኪያ አቼቶ፣ በቢላ ጫፍ ቁንዶ በርበሬና የቅርንፉድ ዱቄት ጨምሪ። ዝግ ያለ እሳት ላይ አምስት ደቂቃ አማስይው። ከማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ ሲወርድ ደርሷል። የገዛሽው ሶያ ሶስ ላይ ሐላል የሚለውን ምልክት እዪ፤ አንዳንዱ አልኮል ይጨመርበታል።

ለሥጋው ሽሪምፕ ወይም በስሱ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ አድርጊ። ልጆች ስለሆኑ መሃሉ ላይ አይብ ብታደርጊላቸው ይወዱታል። በቆሎም ይገባበታል። እንደወደዱት ነው ስሙ። ለራስሽም አንድ አስቀሪ፤ ትኩሱን ብዪ፣ ሲቀዘቅዝ ሌላ ምግብ ነው።

«ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ኤች ማርት ቅርቤ ነው፣ የጃፓን ዕቃ አላጣም። ችግሬ ጾም ነው። እንቁላል ከሌለ አይያያዝም ይሉኛል። እውነት ነው?»
መ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እውነት አይደለም። ያውም አንቺ ካለሽበት ቦታ ይቀላል። ኤች ማርት አትክልት ክፍል ውስጥ ናጋይሞ ታገኛለሽ። ረጅም፣ ነጣ ያለ፣ ፀጉር ፀጉር ያለው ሥር ነው። ልጠሽ ስትፈገፍጊው እንደ ተልባ ይለጠልጣል። ለአንድ ሰው ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሊጡ ውስጥ ጨምሪ። ጃፓኖች ከእንቁላሉ ጋር ያደርጉታል፤ ያለ እንቁላልም ይይዛል፣ መሃሉንም ያለሰልሰዋል። ስትልጪ ጓንት አድርጊ፣ እጅ ያሳክካል።

እዚህ አገር ያላችሁ ግን ናጋይሞን በጎደሬ ወይም በቦዬ ለመተካት አትሞክሩ። ናጋይሞ ጥሬውን የሚበላ ሥር ነው። ጎደሬ በደንብ ካልተቀቀለ ጉሮሮ ይቧጭራል፤ ቦዬም ተቀቅሎ የሚበላ ነው። መጥበሻ ላይ አሥር ደቂቃ አይበቃቸውም። ለእናንተ አንድ ትንሽ ድንች ፈግፍጎ ከነውሃው መጨመር ይሻላል። መጠኑን ደግሞ አሳንሱት፣ የሻይ ሳህን የሚያህል ይሁን። እንቁላል የሌለበት ትልቅ ኦኮኖሚያኪ ሲገለበጥ ይሰበራል።

መረቁን በተመለከተ አትጨነቂ። የጃፓን ገዳማት «ሾጂን ርዮሪ» የሚባል የራሳቸው ምግብ አላቸው፣ ሥጋም ዓሣም አይገባበትም። መረቃቸው ከኮምቡና ከደረቀ የሺታኬ እንጉዳይ ነው። ሁለቱንም ማታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊ፣ ጠዋት መረቅሽ ዝግጁ ነው። ሳትጾሚ የምትሠሪውም በዚሁ መረቅ ቢሆን አይጎድልብሽም።

የሱቅ ሶስ ስትገዢ ጀርባውን አንብቢ፤ የሥጋ ወይም የዓሣ ተዋጽኦ የሚገባበት አለ። ወርሰስተር የሚባለው የእንግሊዞች ሶስም ብዙውን ጊዜ ዓሣ አለበት። ለዱባይዋ እህታችን የጻፍኩት የቴምር ሶስ ግን ንጹህ የጾም ነው። ማዮኔዙ ይቅር። ከላይ ስስ ሆኖ የሚነሰነሰው፣ በእንፋሎቱ ሲወዛወዝ የምታይው ካትሱኦቡሺ ዓሣ ነው። ዓሣ በየትኛው ጾም ይበላል የሚለውን ለንስሐ አባትሽ እተዋለሁ።

«ዱቄቱን በጤፍ ብለውጠውስ?»
አንባቢ፣ ከአዳማ

ሞክሬዋለሁ። ሙሉውን ጤፍ ስታደርገው ይፈረፈራል። ሩቡን ጤፍ፣ ቀሪውን ፉርኖ ስታደርገው ይይዛል፤ የጤፉ ጣዕም ግን የጎመኑን ይሸፍነዋል። እኔ አልወደድኩትም። ጤፉን ለእንጀራው ተወው።

«መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ጃፓናዊ ባልደረባ አለን። የሂሮሺማ ልጅ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ቤቴ ጠርቼዋለሁ፤ ኦኮኖሚያኪ ሠርቼ ላስደንቀው አስቤያለሁ። የሂሮሺማው ከኦሳካው ይለያል አሉኝ። ልዩነቱ ምንድን ነው? እዚህ ባለ ዕቃ ይሠራል?»
ዳ.፣ ከአዲስ አበባ

ወንድሜ፣ ያንተን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ሰፋ አድርጌ ልጽፍልህ ነው።

በመጀመሪያ ስሙ። «ሂሮሺማያኪ» እንዳትለው። የሂሮሺማ ሰዎች ይህን አይወዱም። ለእነሱ ምግቡ ኦኮኖሚያኪ ነው፣ በቃ። «የሂሮሺማ ዓይነት» ማለትም የሌላው ቅጂ ያስመስልባቸዋል። ኦኮኖሚያኪ ብቻ በል።

ከጦርነቱ በፊት «ኢሰን ዮሾኩ» የሚባል የልጆች መክሰስ ነበር። ስስ ሊጥ ላይ ጥቂት ሽንኩርት ተበትኖ፣ ሶስ ተቀብቶ፣ ታጥፎ የሚሸጥ። አቶሚክ ቦምብ ከተማዋ ላይ የወደቀው ኦገስት 6 ቀን 1945 ነው፤ በእኛ ሐምሌ 30 ቀን 1937። ከዚያ በኋላ ሩዝ ጠፋ። ከአሜሪካ በእርዳታ የሚመጣ የስንዴ ዱቄት ግን ነበር። ያ የልጆች መክሰስ ጎመን ተጨመረበት፣ ኑድልና እንቁላል ተጨመረበት፣ የሚያጠግብ ምግብ ሆነ። መንገድ ዳር በጋሪ ይሸጥ ነበር። ባሎቻቸውን ያጡ ሴቶች ቤታቸው ደጃፍ ላይ ብረት ጥደው ልጅ ያሳደጉበት ሙያ ነው ይባላል። እስከ ዛሬ ብዙዎቹ ቤቶች ስማቸው በ«ቻን» የሚያልቀው ከሰው የቁልምጫ ስም ስለተወሰደ ነው። ከተማዋ ውስጥ «ኦኮኖሚሙራ» የሚባል ፎቅ አለ፤ የኦኮኖሚያኪ መንደር ማለት ነው፣ ቤቶቹ እዚያ ተደርድረዋል። አንድ ቅዳሜና እሁድ ሄጄ ሁለት ቀን የበላሁት ያንኑ ብቻ ነው። እና ባልደረባህ ምናልባት ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃት አንዲት ቤት ይኖረዋል። እሱን ጠይቀው፣ ያጫውትሃል።

አሠራሩ። የኦሳካው ይቀላቀላል፣ የሂሮሺማው ይነባበራል። ሊጡ እንደ ክሬፕ፣ እንደ ፈረንሳዮች ስስ ቂጣ፣ ቀጭን ነው። አንድ ጭልፋ ብረቱ ላይ አፍስሰህ በጭልፋው ጀርባ 20 ሴንቲ ሜትር ክብ አድርገው። ላዩ ላይ በቀጭኑ የተላመ ጎመን፣ ወደ 150 ግራም፣ ተራራ አድርገህ ከምር። እዚህ ላይ ጎመኑ መላም አለበት፤ ለሰሚቷ እህታችን ያልኩት ለኦሳካው ነው። በጎመኑ ላይ የበቀለ ባቄላ መሰል ነገር ይደረጋል። እኛ አገር ማሾ አለልህ፤ የሚያበቅሉትም እሱኑ ነው። ከዚያ በስሱ የተቆረጠ ሥጋ፣ ከላይ ትንሽ ሊጥ ጠብ ጠብ አድርግ። ሥሩ ሲደርቅ በሁለት መገልበጫ አንድ ጊዜ ገልብጠው። የጎመኑ ተራራ ከሥጋው በላይ፣ ከክሬፑ በታች ሆኖ እየታጠነ ይወርዳል። አትቸኩል። ሰባት፣ ስምንት ደቂቃ።

ኑድሉን በፓስታ ሥራው። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምረህ ቀጭን ስፓጌቲ ቀቅል። ሶዳው ፓስታውን ቢጫና ላስቲክ መሳይ ያደርገዋል፣ ከራመን ኑድል ጋር ይመሳሰላል። አረፋው ይገነፍላል፣ ድስቱ ትልቅ ይሁን። አንጠፍጥፈህ በሌላ መጥበሻ በዘይትና በጥቂት ሶስ ጥበሰው። ክብ አድርገህ ተራራውን በላዩ አስቀምጥ። አሁን በትንሹ መጫን ይፈቀድልሃል። የኦሳካዋ ኦካሳን አያዩህም፤ ሂሮሺማ ላይ በዚህ ደረጃ ላይ ይጫኑታል፣ ምክንያቱም ጎመኑ አስቀድሞ በስሏል።

መጨረሻ ላይ አንድ እንቁላል ብረቱ ላይ ሰብረህ፣ አስኳሉን አፍርጠህ እንደ ክቡ አስፋው። ሳይደርቅ ሁሉንም በላዩ አኑር። ቆጥረህ አሥር ሰከንድ፣ ገልብጥ። እንቁላሉ ከላይ ይሆናል። ሶስ ቀባ፣ የባሮ ሽንኩርት ቅጠሉን በስሱ ከትፈህ በትን። ማዮኔዝ አጠገቡ አስቀምጥለት እንጂ አንተ አትቀባበት፤ የማይፈልጉ ብዙ ናቸው።

መገልበጡ የሚያስፈራህ ከሆነ ሐሙስ ማታ አንዱን ለራስህ ሥራ። ክቡን 15 ሴንቲ ሜትር ብታደርገው ይቀልሃል፤ ጎመኑንም በዚያው ልክ ወደ 85 ግራም ቀንሰው።

ማሾውን ግን ከአሁኑ አስብበት። ለመብቀል አምስት ቀን ይፈልጋል። ሰኞ ማታ አንድ እፍኝ ዘፍዝፍ። ማክሰኞ ጠዋት አንጠፍጥፈህ እርጥብ ጨርቅ ከድነህ ጨለማ ቦታ አስቀምጥ። ጠዋትና ማታ አለቅልቀው። ቅዳሜ ለእንግዳህ ይደርሳል።